ሰማያዊ ታንከር ያለበት ግቢ

«ኦቦ ዋቆ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ዛሬ አፍዎን ይዝጉልኝ!» አለ ጋሮማ፣ የሚንጫጫውን ሽንኩርት እያማሰለ። «ሴትየዋ ስትገባ እርስዎ ዘበኛዬ ነዎት፣ ቤቱም የኔ ነው። አለቀ።»

ሽማግሌው ዋቆ በሩ ጥግ እንደተቀመጠ መፋቂያውን ካንዱ ጉንጩ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ዝምታ ስንት ሳህን ያበላል?»

«ሁለት።»

«እንግዲያው ዲዳ ነኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሮማ የጭነት መኪና ረዳትነቱን ትቶ በኬንያው ሞያሌ ማንያታ ሰፈር ሲንከላወስ፣ ዋቆ የሚጠብቀው ባዶ ግቢ ዓይኑ ገባ። ባለቤቱ የት እንዳለ ሲጠየቅ ሽማግሌው «ሩቅ» ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ቃል አይወጣውም። ዝናቡ ሲገባ ጋሮማ ጓሮውን ለምኖ ቆፈረው። ሱኩማ የሚሉትን ጎመን፣ ቲማቲም፣ ቃሪያና ዱባ ተከለ። ዝናቡ ከድቶት ሲቀር ከግቢው ሰማያዊ የውሃ ታንከር በጄሪካን እየቀዳ አጠጣ። ሰው ለፍየሉ ውሃ ባጣበት ወር የሱ ቲማቲም ቀላ። እዚህ ድረስ አንድም ውሸት የለበትም።

ውሸቱ በሻሚ ምክንያት መጣ። ጋሮማ የሚወዳትን ሻሚን ከድንበሩ ማዶ፣ በኢትዮጵያው ሞያሌ፣ ያሳደገቻት አክስቷ ሀምዲያ ናት። ሀምዲያ ከብት ወዲህ፣ ልብስ ወዲያ ስታሻግር የኖረች ነጋዴ ናት፤ ልጅቷን ለጨርቅ ሻጩ ለሰሊም ልትድራት ቆርጣለች። ጋሮማ ሁለቴ ሽማግሌ ልኮ ሁለቴም «ቤት የሌለው፣ ልጄን የት ሊያስቀምጣት ነው?» ተብሎ ተመለሰበት። በሦስተኛው ራሱ ሄደ። ምላሱ ቀደመችው።

«ማንያታ ቤት አለኝ፣ እትዬ። ሰማያዊ ታንከር፣ ፊት ለፊቱ የሎሚ ዛፍ፣ ጓሮው ሙሉ አትክልት!»

ሀምዲያ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው።

«ዓርብ ከስግደት በኋላ መጥቼ ያበቀልከውን እበላለሁ» አለች።

«ከኬላው ልቀበልዎት?»

«ተወው፣ አላጣውም።»

ጋሮማ ያን ቀን ድንበሩን የተሻገረው እየዘለለ ነበር። ሽማግሌ ያቃተውን ጎመን ሠራው!

አሁን ስልኩ አንዴ ጮኾ ዝም አለ። የሻሚ ሚስኮል ነው፤ አክስቷ ተነሥታለች ማለት ነው። ጋሮማ ሱኩማውን ጨመረ፣ የበቆሎ ገንፎውን፣ ኡጋሊውን፣ ገለበጠ፣ ዋቆ በሰጠው ቁልፍ ቤቱን ከፍቶ ከጓደኛው የተዋሰውን ፍራሽ አልጋ ላይ ደልድሎ አነጠፈ። ወዲያው ሀምዲያን የጫነ የሞተር ታክሲ፣ ቦዳ ቦዳ፣ በሩ ላይ ቆመ።

ለሰፈሩ ሹም ለቺፉ እንኳ የማይነሣው ዋቆ ብድግ አለ። መፋቂያውን ከአፉ አውጥቶ «ካሪቡ ማማ» ብሎ በስዋሂሊ እንኳን ደህና መጡ አላት። ጋሮማ በልቡ አመሰገነው፤ ዘበኛ መምሰል እንዲህ ነው።

የቤቱ በር እንደ ልማዱ እንቢ አለ። ጋሮማ በትከሻው ሊገፋ ሲንደረደር፣ ሀምዲያ የታችኛውን ጥግ በጫማዋ ጫፍ መታ አደረገችው። ተከፈተ።

«የሞያሌ በር ሁሉ እልኸኛ ነው» አለች።

ምግቡ ቀረበ። ሱኩማ በቲማቲም፣ ዱባ በቃሪያ፣ ትኩስ ኡጋሊ። ሀምዲያ ሎሚ ጨመቀችበትና በላች። ደግማ ጠቀለለች። የጋሮማ ዓይን ግን ደጃፉ ላይ ከተቀመጠው ሽማግሌ አልነቀል አለ።

«ማማ፣ ይኼ ሎሚ እኮ...» ብሎ ዋቆ ጀመረ።

«ዘበኛው ወሬ ይወዳል፣ እትዬ!» ጋሮማ አቋረጠው። «ጆሮ አይስጡት።»

«ለዋቆ ዱባውን ጨምርለት እንጂ» አለች ሀምዲያ። «የጠገበ ሰው አያወራም።»

ከምሳ በኋላ ጓሮውን ዞረች። የሱኩማውን ቅጠል ገልብጣ አየች፣ አፈሩን በጣቷ ፈተገች።

«ይህን ሁሉ በእጅህ?»

«በእጄ።»

መዳፉን ተቀብላ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። እንደ ጫማ ሶል ደርቋል። «ይኼስ እውነት ነው» አለች። ቀጥላም፣ «ቤቱስ?»

«ቤቱንም፣ እትዬ። ጭቃውን ራሴ ረግጬ፣ ቆርቆሮውን ራሴ መትቼ።»

«ሎሚውስ?»

«ፍሬውን ከኢሲዮሎ ከተማ አምጥቼ!»

ደጃፉ ላይ ዋቆን ትን አለው። ጋሮማ ዓይኑን አጉረጠረጠበት። ሀምዲያ ሻርፗን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ሳለች፤ ቃሪያው ነው መሰለ።

«ሻሚን ለሰሊም አልሰጥም» አለች በመጨረሻ። «ሰሊም ቲማቲም የሚያውቀው ሱቅ ውስጥ ነው።»

ጋሮማ ጉልበቷን ሊስም ጎንበስ አለ። አበቃ፤ ዋቆ ሳይናገር፣ ጉዱ ሳይወጣ! በሩ ድረስ ሸኛት። ቦዳ ቦዳው ሞተሩን አስነሣ። ሀምዲያ ከኋላ ተቀምጣ ቀሚሷን ሰበሰበች፣ ወደ ጋሮማም ዞረች።

«ፍራሽህን ይዘህ ውጣ፣ ቁልፉንም ለዋቆ መልስለት። እስከ ሰርጋችሁ ድረስ አትክልትህን ታጠጣለህ እንጂ ቤቴ አትገባም።»