የጀማል ሳሙና

«እዪው፣ እዪውማ!» ትላለች ሂንድ፣ ኒስሪንን በክርኗ ጎሸም አድርጋ። «ሊዋኝ የተነሳ አይመስልም?»

ባሏ ጀማል የመዋኛ መነጽር አጥልቆ፣ ሮዝ የጎማ ጓንት አድርጎ ብሌንደሩ ላይ አጎንብሷል። አንዴ ዘይቱን ያያል፣ አንዴ በውሃ የበጠበጠውን ኮስቲክ ሶዳ ያያል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። የሚቆጥርም የሚጸልይም ይመስላል።

ኒስሪን ከሂንድ ጋር አረጋውያን መጦሪያ ነው የምትሠራው። ከጠዋቱ ሺፍት አብረው ወጥተው፣ ሆፐርስ ክሮሲንግ ሰፈር ያለው ቤቷ ከመግባቷ በፊት ሻይ ልትጠጣ ፍሌሚንግተን እነሂንድ ቤት ጎራ ብላለች። ሌላው ሰው ለእንግዳው አልበም ያወጣል፤ ሂንድ ጀማልን ታወጣለች።

«አምና ንብ ነበር» ትላለች። «ፎቅ ላይ፣ በረንዳ ላይ፣ ንብ! ከዚያ ሶፋ ጠጋኝ ሆነ፤ የገዛ ሶፋችንን ቀዶ ቀዶ ተወው። አሁን ደግሞ ይኸው፣ የሳሙና ፋብሪካ ከፍቶልኛል።»

ሰንሻይን ዌስት ያለ መጋዘን ውስጥ ሲሠራ ወገቡን ተጎድቶ ቤት ከዋለ ወዲህ ጀማል ያልጀመረው ነገር የለም። የጨረሰውም የለም።

«የሱቁ ሳሙና የአሳማ ስብ ሊኖርበት ይችላል» ይላል ለኒስሪን፣ ቀና ሳይል። «ይሄ ንጹሕ ነው። ለመስጊድ ሰዎች ትንሽ ትንሽ እየሠራሁ...»

«ሰማሽ? ሰዉ እስከ ዛሬ ሳይታጠብ የቀረው እሱን ሲጠብቅ ነው!»

ኒስሪን ሻዩ ትን እስኪላት ትስቃለች። ጀማልም ፈገግ ይላል። ሂንድን የሚያንገበግባት ይሄ ፈገግታው ነው። ደሴ ላይ ሲያገባት አንድ ቃል የማያሳልፍ ኩሩ ሰው ነበር። ሲንቁት ፈገግ የሚለውን ይሄን ሰው ከየት እንዳመጣው አታውቅም።

ኮስቲክ ሶዳውን ቀስ ብሎ ዘይቱ ላይ ያንቆረቁራል። ክዳኑን ይገጥማል፣ በፎጣ ይሸፍናል። የብሌንደሩን ቁልፍ ጫን፣ ለቀቅ። ጫን፣ ለቀቅ።

«እንደ አጥሚት ወፈር ሲል ይበቃዋል» ይላል፣ ማንም ሳይጠይቀው።

«አጥሚቱንስ መቼ ቻልክበት?»

ወፍሮ እንደሆነ ሊያይ ክዳኑን ገለጥ ያደርጋል። ታፍኖ የነበረው ድብልቅ ጧ ብሎ ይፈናጠራል። ግድግዳው፣ ቁም ሳጥኑ፣ ምድጃው ሁሉ ነጭ ይሆናል።

«ግድግዳዬን!» ትጮኻለች ሂንድ። ወዲያው ግን ከወንበሯ ብድግ ብላ የባሏን አደነጋገጥ ታሳያለች፤ ትከሻዋን ሰብቃ፣ አፏን ከፍታ። ኒስሪን ሆዷን ይዛ ትስቃለች።

ጀማል የሹራቡን እጅጌ እስከ ጓንቱ ይስባል። ጀርባውን ሰጥቷቸው፣ ጨርቅ አንስቶ በአንድ እጁ ግድግዳውን መጥረግ ይጀምራል።

«ተወው፣ ምን አለፋህ! ውሃ ስናፈስበት ራሱን ያጥባል። ሳሙና አይደል?»

ኒስሪን መሳቅ ትጀምርና ታቆማለች።

«ሂንድ፣ እጁ ይንቀጠቀጣል።»

«ሥራ ያልለመደ እጅ ነዋ።»

«ኧረ ወላሂ፣ እዪው።»

ሂንድ የምትነሳው ይሄንንም ልታስቅበት ነው። ክንዱን አፈፍ አድርጋ እጅጌውን ወደ ላይ ትሰበስባለች። ሹራቡ ርሷል፣ ያሟልጫል። ከሥሩ ያለው ቆዳ ከእጁ አንጓ በላይ ቀልቷል፤ መሃሉ ገርጥቶ ማበጥ ጀምሯል።

እየጎተተች ወደ ሲንኩ ትወስደዋለች፣ ቀዝቃዛውን ውሃ ትለቃለች፣ ጓንቱን ታወልቃለች፣ እጅጌውን በመቀስ ትተረትረዋለች። ጀማል ከንፈሩን ነክሷል።

«አንተ ሰው! ይሄ ሥጋ ይበላል እኮ! ለምን ዝም ትላለህ? አፍ የለህም?»

«እየሳቃችሁ ነበር» ይላል።

ቅሬታ የለበትም። «ደውዬልሽ ስልክሽ ተይዞ ነበር» እንደሚል ሰው ነው ያለው።

ኒስሪን ኮሪደር ወጥታ አምቡላንስ ትጠራለች። አድራሻውን በእንግሊዝኛ ፊደል በፊደል ስትነግራቸው ይሰማል። ወጥ ቤቱ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ቀርተዋል።

ሂንድ ክንዱን በሁለት እጇ ከውሃው ሥር ይዛለች። ከምታውቀው ቀጥኗል። መቼ እንደዚህ እንደቀጠነ አላየችም። አንድ ነገር ልትለው ትፈልጋለች፤ ደግ ነገር፣ አንድ ቃልም ቢሆን። አፏን ትከፍታለች። አፏ ላይ የሚመጣላት ሁሉ ግን ኒስሪንን የሚያስቅ ነው።

አፏን ትዘጋለች። ቧንቧውን ጨምራ ትከፍተዋለች።