በርበሬ ያለው ጭኮ

ጠቡ የተነሳው በጭኮ ነው።

እንደሻው አሰላ ውስጥ የግንባታ ዕቃ ይሸጣል። ተወልዶ ያደገው ግን ጮሌ በምትባል ከተማ ነው፤ ከወጣ ስንት ዘመኑ፣ ልቡ እዚያው ቀርቷል። «የጮሌ ልጆች» የተባለውን የቴሌግራም ግሩፕ ጠዋት ፊቱን ሳይታጠብ ይከፍተዋል።

ያን ቀን ጠዋት ኢርሻድ አንድ ገበታ ሙሉ ጭኮ ፎቶ አንስቶ ለጠፈ። ኢርሻድ የግሩፑ አድሚን ነው፤ የጨርቅ ሱቁም ከእንደሻው ሱቅ ፊት ለፊት ነው። ከፎቶው ሥር «ጭኮ ማለት የገብስ ዱቄትና ቅቤ ነው። በርበሬ የሚጨምርበት ሰው ጮሌን አያውቃትም» ብሎ ጻፈ።

እንደሻው ዕድሜውን ሙሉ በርበሬ ያለው ጭኮ የበላ ሰው ነው። «በርበሬ የሌለው ጭኮ ጥርስ ላላበቀለ ሕፃን ነው» ሲል መለሰ። ኢርሻድ ሳቀበት። እንደሻው ነደደ። «አንተ ጭኮ የምታውቀው ሰርግ ቤት ስትጠራ ነው» አለው። ግሩፑ ለሁለት ተከፈለ፤ ነገሩም ከጭኮ አልፎ የእናቶች ሙያ ላይ ደረሰ።

በመጨረሻ እንደሻው «ታላቅ ወንድሜ ዮፍታሔ ይፍረደን። እሱ እስካሁን ጮሌ ነው ያለው፤ የተፈረደበት አፉን ይዘጋል» ብሎ ጻፈ። ዮፍታሔም ግሩፑ ውስጥ አለ፤ ግን አልመለሰም። ዳኛ አይቸኩልም ብሎ እንደሻው ምሳውን ሊበላ ሄደ።

ከምሳ ሲመለስ ግሩፑ ስልኩ ላይ የለም። ዳታውን አጠፋ፣ አበራ፤ የለም። ኢርሻድ አንድ ቃል ሳይተነፍስ አስወጥቶታል።

ወደ ኢርሻድ ሱቅ ቢያይ በጠራራ ፀሐይ ተዘግቷል። «ፈሪ» አለ ለራሱ። አቤት ሊል ለዮፍታሔ ደወለ፤ አይነሳም። ደግሞ ደወለ፤ አይነሳም። ይሄኔ ሆዱ ባሰው። አባታቸው ካረፉ በኋላ እሱን ያሳደገው ዮፍታሔ ነው። ወንድሙም ለኢርሻድ ካደላ፣ ከሱ ጋር ማን ቀረ?

ጎን ላይ ምግብ ቤት ያላት ተናኘወርቅም የጮሌ ልጅ ናት። እንደሻው ሲገባ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ደፋችው።

«ግሩፑ ላይ ምን እያላችሁኝ ነው?»

«ምንም። ምሳ በልተሃል?»

«በልቻለሁ። እስቲ ስልክሽን አሳዪኝ።»

«ባይሆን ትንሽ ቅመስ። ቁጭ በል።»

ጥብስ አቀረበችለት፤ ሒሳብም አልቀበልም አለች። ጉቦ መሆኑ ወዲያው ገባው። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እያለ በላ። ጥብሱ ግን አይታማም።

ማታ ሚስቱ ሮሐም ብላልኝ እያለች ታጎርሰው ጀመር። ስልኩን «ቻርጅ ላድርግልህ» ብላ ወሰደችና ሳትመልስለት ቀረች።

«አንቺም ከነሱ ጋር ነሽ?» አላት።

«አሁን ተኛ። ነገ ይወራል።»

ተኛ። ግን እየተገላበጠ ሲያስበው ልቡ ራራ። ጭኮ ነው ለነገሩ። የሰው ልጅ በጭኮ ከወዳጁና ከወንድሙ ይቆራረጣል? እሱ ራሱ ቀድሞ ይቅርታ ሊጠይቅ ወሰነ።

ሊነጋጋ ሲል በሩ ተንኳኳ። ከፈተው። ኢርሻድ ነው። ከጎኑ የጮሌው ትልቅ ሰው አባባ ገብረ ማርያምና ሌሎች ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል። መንገዱ ዳር አንድ ሚኒባስ ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቃል።

ለእንደሻው ሁሉም ነገር ተገለጠለት። ኢርሻድ ሽማግሌ ይዞ መጥቷል፤ ሚኒባሱም ዳኛው ዘንድ፣ ጮሌ ድረስ ሊወስዳቸው ነው። ደስታው ፊቱን ሞላው።

«አንተ ሰውዬ፣ ለአንድ ጭኮ ይህን ሁሉ ሰው ከእንቅልፉ ትቀሰቅሳለህ?» አለና ሳቀ። «አባባ ይግቡ፣ ብርድ ነው። ገና ሳትናገሩ ይቅር ብያለሁ። ዮፍታሔ የፈረደውን እቀበላለሁ።»

ኢርሻድ ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም።

አባባ ገብረ ማርያም እጁን ያዙት፤ ከኋላቸው ከሚኒባሱ የወረዱ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ።