የእትዬ ደሳለች ኪቦርድ

የኮምፒውተር ባለሙያው ሶሬሳ የቀጨኔዋን ክሊኒክ አሮጌ ሰርቨር የመረጃውን ቅጂ ሳያስቀር ፎርማት አድርጎ ሊኑክስ የተባለውን ሲስተም ጫነበት፤ የበሽተኞቹ መረጃ ድራሹ ጠፋ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲመዘግቡት ለኖሩት ለእትዬ ደሳለች ግን «መብራት ድንገት ጠፍቶ ነው የተበላሸው» አላቸው።

«ግድ የለም ልጄ፣ የማስታውሰውን እንደገና እጽፈዋለሁ» ብለው ካርድ ክፍላቸው ገቡ። ሶሬሳ በግድግዳው በኩል የኪቦርዳቸው ድምፅ እየተሰማው በጎን ባለው የሰርቨር ክፍል ሥራውን ቀጠለ።

ከሰዓት በኋላ ኦራክል የተባለው የመረጃ ማከማቻ ፕሮግራም ተጭኖ አለቀ። አዲሱን ዳታቤዝ ሲከፍተው ባዶ መሆን ነበረበት። አልነበረም፤ የበሽተኞች ስም እየተከታተለ ይገባበታል። የእትዬ ደሳለችን ኮምፒውተር ከሰርቨሩ ጋር የሚያገናኘው ገመድ ደግሞ ገና አልተሰካም፤ እንደተጠቀለለ ጉልበቱ ላይ ተቀምጧል።

ከግድግዳው ወዲያ ድምፁ ቆመ። በስክሪኑ የመጨረሻ መስመር፣ የበሽተኛ ስም በሚጻፍበት ቦታ፣ እንዲህ ይላል፦

«ልጄ፣ መብራቱ መቼ ጠፋና?»