ግማሽ ጊጋ

ቡራዩ መንገዱ ከተዘጋ አምስተኛ ቀኑ ነበር። ሰልፉን ያስነሣው ማስተር ፕላን ቀርቷል ከተባለ ወራት ቢያልፉም ድንጋዩ ከአስፋልቱ አልተነሣም። ኢንተርኔቱም ከጠፋ ሰንብቷል። ተስፋነሽ ልጇን ቲቶን ከበር እንዳይወጣ ከልክላዋለች። በእሱ ዕድሜ ያለ ወንድ መንገድ ላይ ከተገኘ፣ ሰልፈኛ ሆነ አልሆነ ብሎ የሚጠይቅለት የለም።

ቲቶ በአንዲቷ የኪራይ ክፍላቸው ከላፕቶፑ ጋር ተፋጧል። አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት ሊቀጥረው ፈተና ሰጥቶታል፤ ድረ ገጽ ሠርቶ ዓርብ እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት ማስረከብ አለበት። ካለፈ አለፈ። መጀመሪያ ግን የጃቫስክሪፕት ፍሬምወርክ መምረጥ ነበረበት፤ ድረ ገጹ የሚቆምበት ዝግጁ አጥንት ማለት ነው። ሁለት ዓይነት ኢንተርኔቱ ሳይጠፋ አውርዶ ነበር። አሁን መምረጥ አቅቶት ክፍሏን ይዞራል፤ አራት እርምጃ ወዲያ፣ አራት እርምጃ ወዲህ።

«ምኑ ነው እንዲህ ያስጨነቀህ?» አለችው ምስር እየለቀመች።

«አንጉላርና ሪአክት፣ እማዬ። አንጉላር አንድ ፋይል ነው፤ ቀላል፣ ሁሉ ነገር በውስጡ። ሪአክት ደግሞ እንደ አባዬ ብሎኬት ነው። ትንንሹን እየሠራሽ ትደረድሪያለሽ። አንዱ ቢሰነጠቅ እሱን ብቻ ታወጫለሽ።»

ወደ ጌታ የሄደው የቲቶ አባት ከወላይታ መጥቶ እዚሁ ግንበኛ ሆኖ የኖረ ነው። ተስፋነሽ የብሎኬትን ነገር ታውቃለች።

«እንግዲያው ሁሉ አብሮ የማይፈርሰውን ያዛ! ምን ያዞርሃል?»

«ቁራጩ ነዋ! በሺህ ነው የሚቆጠረው። እነሱም ጋ ኢንተርኔት ላይኖር ስለሚችል አንድም ሳላስቀር ጠቅልዬ ነው መላክ ያለብኝ።»

«ትጠቀልላለህ። ጸልዬበታለሁ፤ ብሎኬቱን ያዝ።»

ቲቶ ሪአክትን ያዘ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሥራውን ጨረሰ። በቤቱ ያለችው ፍላሽ አንዲት አሮጌ ግማሽ ጊጋ ነበረች፤ እስከ አፏ ጢም ብላ ሞላች።

«እኔ እወስደዋለሁ» አለች ተስፋነሽ።

«አንቺ? በዚህ መንገድ?»

«አሮጊት ማን ይነካል?»

«አሮጊት አይደለሽማ።»

«ነገ እሆናለሁ። አጎንብሼ እሄዳለሁ።»

ከስንት ቀን በኋላ ሳቀ። «ሪአክትን ለምን መረጠ?» ብለው ቢጠይቋት የምትመልሰውን እየደጋገመ አስጠናት፤ እሷም እንደ ቃለ እግዚአብሔር በቃሏ ያዘችው።

ዓርብ ጠዋት ፍላሿን በሻርፗ ጫፍ ቋጥራ ወጣች። ፖሊሶች መንገደኛ ከሚፈትሹበት ኬላ በፊት የከሊፋን ሱቅ በግማሽ ተከፍቶ አገኘችው። ከሊፋ ካርድ ይሸጣል፤ ለእስላሙ መንዙማ፣ ለጴንጤው መዝሙር በፍላሽ ይጭናል።

«እትዬ ተስፋነሽ! በዚህ ቀን የት ሊሄዱ?»

«ከተማ። ኬላው እንዴት ነው?»

«ሞባይል ያያሉ፣ ፍላሽ ያያሉ። የሰልፍ ቪዲዮ ነው የሚፈልጉት። ያልገባቸውን ነገር ካዩም ይወስዱታል። ትናንት የአንዱን አስተማሪ ወረቀት ሳይቀር ወስደውበታል።»

«የሚያሳልፉትስ ምኑን ነው?»

«መዝሙር ያሳልፋሉ» ብሎ ሳቀ።

ተስፋነሽ አልሳቀችም። ገበያ ስትሄድ ዕንቁላሏን ከጎመን ሥር የምትደብቅ ሴት ናት። ቋጠሮዋን ፈታችና ፍላሿን ሰጠችው።

«እንግዲያው ከላይ መዝሙር አድርግልኝ።»

«ምን ነበረባት?»

«የልጅ ነገር ነው» አለች። በዚያ ሰሞን ያልተናገሩት አያስጠይቅም።

ከሊፋ ፍላሿን ሰክቶ አያት። «እትዬ፣ ሞልታለች እኮ።»

«አንተ መላ አታጣም።»

መንገዱን ቃኘት አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ገባኝ። ይቀመጡ፣ ሐሳብ አይግባዎ።»

አሥር ደቂቃም አልፈጀበትም።

በድንጋዮቹ መሀል እየተጥመዘመዘ የወሰዳትን ሚኒባስ ፖሊሶች ኬላው ላይ አስቆሙት። ወጣቶቹን አስወርደው በአንድ ወገን አስቀመጧቸው። ቦርሳ ተፈተሸ፣ ኪስ ተፈተሸ፣ የሻርፕ ቋጠሮም ተፈተሸ። አንዱ ፖሊስ ፍላሿን ይዞ ወደ ኮምፒውተሩ ሄደ። ተስፋነሽ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ በልቧ ጸለየች። የቲቶ አምስት ቀን፣ የእሷም ሃያ ሦስት ዓመት እዚያች ጠፍጣፋ ነገር ውስጥ ነበር።

የመዘምራን ድምፅ ከኮምፒውተሩ ወጣ። ፖሊሱ አንድ አዳመጠ፤ አንድ ሌላ ከፈተ፤ እሱም መዝሙር ነው። ተመልሶ መጥቶ ፍላሿን በእጇ አኖረላት።

«እናቴ፣ ለእኛም ይጸልዩልን።»

«ጌታ ይባርክህ፣ ልጄ» አለች። ከልቧ ነበር።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ድርጅቱ ቢሮ ደረሰች። ኃላፊዋ ኤልሳቤት የምትባል ወጣት ሴት ናት።

«ቲቶ እናቱን ላከ?»

«እሱን ካዩት አያሳልፉትማ።»

ኤልሳቤት ደንገጥ ብላ ወንበር ሳበችላት፤ ውሃም ሰጠቻት። ከዚያ እንደ ቀልድ አድርጋ፣ «ለመሆኑ በምን ሠራው?» አለቻት።

«በሪአክት» አለች ተስፋነሽ። ጉሮሮዋን ጠራረገች። «አንጉላር ሁሉን በአንድ ያስራል። ሪአክት ቁራጭ በቁራጭ ነው፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ቆሞ ይቆያል፤ የተበላሸውን ብቻ ለይቶ መጠገን ነው።»

ኤልሳቤት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እማማ፣ እስካሁን ከመጡት አንዱም እንዲህ አላስረዳኝም። ሥራውም እንደ አነጋገርዎ ከሆነ ሰኞ ይጀምር።»

ፍላሿን ሰካች። ቢሮው በመዝሙር ተሞላ፤ ሠራተኞቹ ሁሉ ቀና አሉ።

ተስፋነሽ ሳቀች። «እሱ እንኳ ለኬላው ነው፣ ልጄ። ከላይ ያስደረግሁት ነው። አንሺው፤ የልጄ ከሥር አለልሽ።»

ኤልሳቤት መዝሙሮቹን አንድ በአንድ እያለፈች ወደ ታች ወረደች፤ ከመጨረሻው መዝሙር ሥር ምንም አልነበረም።