አርባ አንድ እና አርባ ሁለት

ክረምቱ ከባድ ነበር። ዝናቡ ሰባት ሳምንት አላባራም። የጓሮው ግንብ ተናደ። ሥራ አልነበረም፤ ጭቃ ላይ ማን ይገነባል። በስድስተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ባለቤቴ ልብስ ስታጣጥፍ ግራ እጇ ከዳት። አፏ ወደ አንድ ጎን ሄደ። ሐሙስ ቀበርናት። መቃብሩ ውሃ ይዞ ነበር፤ መጀመሪያ በባልዲ ቀዳን።

አሁን ፀሐይ ወጥታለች። ሁለታችን የገባንበት የመድኃኒት ጥናትም አልቋል። ክሊኒኩ ውስጥ ነርሷ ፊት ተቀምጫለሁ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት የክኒን ጠርሙስ አለ። አርባ አንድ የተጻፈበት የኔ ነው፣ አርባ ሁለት የባለቤቴ።

ነርሷ የተረፈውን ክኒን ሰሃን ላይ ገልብጣ ሁለት ሁለት እያደረገች ትቆጥራለች። ሁለት ዓመት በየወሩ እንዲህ ቆጥራለች። ጥናቱ የልብ ሕመምንና ስትሮክን ቀድሞ ይከላከላል ስለተባለ ክኒን ነው። ግማሹ ሰው መድኃኒቱን ይወስዳል፣ ግማሹ ምንም የሌለበትን። መልካቸው አንድ ነው። ማን የትኛውን እንደያዘ ነርሷም አታውቅም። የደም ግፊታችንን ለክታ ትጽፋለች፤ ከመጠን ካላለፈ በቀር ቁጥሩን አትነግረንም። ሕጉ ነው።

"ልክ ነው አባባ" ትላለች። "የሁለታችሁም። እማማ እስከዚያች ማክሰኞ አንድ ቀን አላጎደሉም።"

"ቀሪ መሆን አትወድም" እላለሁ። ይህን ክፍል ትምህርት ቤት ነበር የምትለው።

ነርሷ ፈገግ ትላለች፤ ወዲያው ትተወዋለች። ከመሳቢያው ሁለት የታሸጉ ፖስታዎች ታወጣለች። የትኛውን ሲወስድ እንደነበር ማወቅ የፈለገ ዛሬ ይነገረዋል። የመጣሁት ለዚህ ነው።

"የኔን ክፈቺ።"

ትከፍታለች። "የእርስዎ መድኃኒቱ ነበር።"

"የሷስ?"

ሁለተኛውን ትከፍታለች። "ባዶው ነው። አይዞዎት አባባ፣ ዕጣ ነው። የማንም ጥፋት አይደለም።"

"እንግዲያው ለምን ሞተች?"

ግራ ገብቷት ታየኛለች።

"በአራተኛው ወር ነው" እላለሁ። "የኔ ራስ ምታት ተወኝ፤ የሷ አልተዋትም። 'ያንተ ነው መድኃኒቱ፣ የኔ ጠመኔ ነው፤ ከፈለግህ ግድግዳው ላይ ልጻፍበት' ትለኝ ነበር። እሷ ትቀልዳለች። እኔ አልቀለድኩም። አዲስ ጠርሙስ በሰጣችሁን ቁጥር፣ ገበያ ስትወጣ ጠብቄ፣ የኔን በሷ ጠርሙስ የሷን በኔ እገለብጣለሁ። ቤቱ ያለኔ ይቆማል፣ ያለሷ አይቆምም። ግንበኛ ነኝ፤ የሚሸከመው ድንጋይ የቱ እንደሆነ አውቃለሁ።"

ነርሷ እጇን ከሰሃኑ ታነሳለች። "በየወሩ 'የራስዎን ብቻ ነው የወሰዱት?' ብዬ እጠይቅዎታለሁ።"

"አዎ እልሻለሁ።"

"አዎ ይሉኛል።"

"ዋሽቼሻለሁ። መድኃኒቱን የበላችው እሷ ናት። ታዲያ ለምን ሞተች? ይህን ንገሪኝ።"

ከፋይሉ ሁለት ወረቀት ትመዛለች፤ የግፊታችን መስመር ወር በወር የተሣለበት ነው። አንዱን በአንዱ ላይ ደርባ መስኮቱ መስታወት ላይ ትይዛቸዋለች። ብርሃኑ በሁለቱም ያልፋል።

"ይህ እርስዎ ነዎት፣ ይወርዳል። ይህ እማማ፣ ከፍ እንዳሉ ናቸው። አራተኛው ወር ላይ መስመሮቹ ይሻገራሉ። የእርስዎ ይወጣል፣ የእሳቸው ይወርዳል።"

"ያሻገርኩት እኔ ነኝ።"

ጣቷ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ይቆማል።

"አሥራ አንደኛው ወር ላይ እንደገና ተሻግረዋል።"

ቀረብ ብዬ አያለሁ። የኔ ይወርዳል። የሷ ይወጣል፣ እንደወጣ ይሄዳል፣ ክረምቱ ላይ ያበቃል።

"ይህንስ ማን አሻገረው?" እላለሁ። እያወቅሁ ነው የምጠይቀው።

በዚያ ሰሞን ራስ ምታቴ እንደገና ትቶኝ ነበር። ሰውነቴ ለመደው ብዬ አለፍኩት። እሷን እንዴት አደርሽ ስላት "እንደ ኮረዳ" ትለኝ ነበር። እኔ ገልብጬ ስወጣ፣ እሷ መልሳ ትገለብጥ ነበር። አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ዓመት ሙሉ በአንድ አልጋ ሁለት ሌባ ተኛን።

"የዋሹኝ ሰባት ወር ነው" ትላለች ነርሷ ቀስ ብላ። "ከዚያ ወዲህ፣ ሳያውቁት፣ እውነት ነው የነገሩኝ።"

"ውሸቴን እንኳ አቃናችልኝ።"

ወረቀቶቹን ከመስኮቱ ታወርዳለች። "ይህን መጻፍ አለብኝ። ሐኪሞቹ ይቆጣሉ።"

"ይቆጡ። ነገ ለሌላ ሰው ክኒን የምትሰጡት ይህን ቁጥር አምናችሁ ነው። ጻፊው።"

ትጽፋለች። ወሩን እነግራታለሁ፣ እንዴት እንደገለበጥኩ እነግራታለሁ። አንብባ ታሰማኛለች። እፈርማለሁ። ይህ ቃል ሃያ ወር ያህል እዳ ሆኖ አንገቴ ላይ ነበር። ከፈልኩ። አልቀለለኝም።

ነርሷ ሌላ ባዶ ቅጽ ታወጣለች። "የአርባ ሁለትንም እንዲሁ መሙላት አለብኝ። ስለ እሳቸው የሚፈርመው ቤተሰብ ነው። ስማቸውን እኔ ልጻፍልዎት?"

"እኔው እጽፈዋለሁ።"

እስክሪብቶውን እይዛለሁ። አርባ ዓመት በስሟ ጠራኋት እንጂ ጽፌው አላውቅም። ፊደሎቹ አራት ናቸው። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ወረቀቱ ይንሸራተታል፤ ነርሷ በሁለት እጇ ጫፍና ጫፉን ትይዝልኛለች።