ያን ቀን መወጣጫው ላይ

ዳኒካ የዊልቸሩን መደገፊያ ለቀቀችና በመንሸራተቻ ጫማዋ የስፖርት አዳራሹ በረዶ ላይ ቆመች።

አምስት ወር ሙሉ ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ ሲያመላልሳት የከረመው አባቷ ዋረን ትወድቃለች ብሎ እጁን ዘረጋ። አልወደቀችም። በቀኝ እግሯ በረዶውን ገፋ አደረገችና ተንሸራተተች፤ ከዚያ በግራዋ፣ ደግሞ በቀኟ። ዛሬ ጠዋት እንኳ መታጠቢያ ቤት ያደረሳት ተሸክሞ ነው።

"አይጥሯት" አለች የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ሉዊዝ፣ ክንዱን ያዝ አድርጋ። "ስለ እግሯ እንድታስብ አንፈልግም። ሙዚቃውን ብቻ ትስማ።"

ሐኪሞቹ የጭንቅላቷንም የጀርባዋንም ምስል ደጋግመው አንስተው "የተበላሸ ነገር የለም፤ ግን አታስመስልም፣ እውነትም መራመድ አልቻለችም" ብለው ነበር የሸኟቸው። አንጎሏ ለእግሯ የሚልከው መልእክት መንገድ ላይ ይጠፋል አሉ። ልራመድ ብላ ስታስብ ይብስባታል፤ ሰውነቷ ከድሮ የለመደው ነገር ግን አንዳንዴ ሾልኮ ያልፋል። በሦስት ዓመቷ በረዶ ላይ የወጣች ልጅ ናትና ይኸው ሾለከ። ዋረን ይህን ሁሉ ራሱን እየነቀነቀ ሰምቷል። መስማትና ማመን ግን ለየቅል ናቸው።

ሊያለቅስ ምንም ያህል አልቀረው። ያኔ ነው ከኋላው የአዳራሹ ሻይ ቤት መስኮት የተከፈተው።

"ጉድ በል ሳስካችዋን!" አለ ኦርቪል፣ ክፍለ ሀገራቸውን በሙሉ እንደሚጠራ።

ኦርቪል ጎረቤታቸው ነው፤ ጡረታ የወጣ አናጢ። መስከረም ላይ የከተማውን ወንዶች ሰብስቦ፣ በአንድ ቅዳሜ ከዋረን ደጃፍ እስከ መንገዱ የዊልቸር መወጣጫ የሠራላቸው እሱ ነው። ሴቶቹም በየድስታቸው ፒሮጊ የሚሉትን ድንች የተሞላ ቅቅል ሊጥ ይዘው መጡ። በዚያ ከተማ እንዲህ ያለውን ውለታ ማንም መልስ አይልህም፤ ማንም ግን አይረሳውም።

"እኛ በዝናብ ሚስማር ስንመታ፣ እሷ ለካ ለኦሎምፒክ እየተዘጋጀች ኖሯል!"

"በሽታው እንዲህ ነው፣ ኦርቪል። አንዳንዴ…"

"የምን በሽታ? ዓይኔ እያየ! እግር ካለ አለ፣ ከሌለ የለም። አራት ልጅ አሳድጌያለሁ እኮ! ትምህርት ቤት ያስጠላው ልጅ 'ሆዴን' ሲል አውቀዋለሁ። ይቺ ግን ሁሉንም አስናቀች።"

 ቃሉ ለዋረን አዲስ አልነበረም። ራሱ ሆዱ ውስጥ ደብቆት የኖረው ነው።

ጥቅምት ላይ ነበር። ዳኒካ የተቀመጠችበትን ዊልቸር ይዞ መወጣጫው አናት ላይ እንደቆመ ክፉ ሐሳብ መጣበት፤ ብለቀው እግሯን አውርዳ ታቆመው ይሆን? ለቀቀው። እግሯ አልወረደም። ወንበሩ ተንደርድሮ ከታች ካለው የአጥር ቋሚ ጋር ተላተመና ዳኒካ በግንባሯ ጠጠሩ ላይ ተደፋች። ሰባት ስፌት ተሰፋች። ለሚስቱ "ከእጄ አመለጠኝ" አላት፤ ልጅቷ ምንም አላለችም። ከዚያ ወዲህ ግን ቁልቁለት በደረሱ ቁጥር ጎማዎቹን በሁለት እጇ ጨምድዳ ትይዛለች። አሁን እንደ ወፍ ስትከንፍ እያየ፣ ያው ክፉ ሐሳብ ተመልሶ መጣበት። ልክ ኖሬ ይሆን? በራሱ አፈረ፤ ሐሳቡ ግን በማፈሩ አልሄደለትም።

ዘፈኑ አለቀ። ዳኒካ ጉንጯ ቀልቶ፣ እየሳቀች ወደ በሩ መጣች። መስኮቱ ላይ ኦርቪልን አየችው። ሳቋ ጠፋ። ጎንበስ ብላ የገዛ እግሯን አየች።

"አይ" አለች ቀስ ብላ።

ጉልበቷ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከበረዶው ወጥታ የላስቲኩን ምንጣፍ ስትረግጥ፣ ቀኝ እግሯ እንደ እርጥብ ጨርቅ ታጠፈ።

"ተዋት!" ብሎ ጮኸ ኦርቪል። "ተዋትና እይ፣ ራሷ ትነሳለች!"

ዋረን በጉልበቱ ተንበርክኮ መሬት ሳትደርስ ተቀበላት። እግሯ ክንዱ ውስጥ ይርገበገባል፤ ሊያቆመው ጫን ቢያደርገው ባሰበት።

"አባዬ፣ እያስመሰልኩ አይደለም። ቅድም እንዴት እንደሆነልኝ እኔም አላውቅም። እውነቴን ነው።"

"አምንሻለሁ" አላት። ከዚያ፣ ኦርቪል እየሰማ መሆኑን እያወቀ፣ "ያን ቀን መወጣጫው ላይ ወንበሩ ከእጄ አላመለጠኝም፣ ዳኒካ። ለቅቄሽ ነው" አላት።

ሉዊዝ ዓይኗን ጫማዋ ላይ ተከለች።

"አውቃለሁ" አለች ዳኒካ። "ለእማዬ ግን አልነገርኳትም።"

ተሸክሟት ተነሳና ወንበሯ ላይ አስቀመጣት። መንሸራተቻዋን ፈታላት። ከዚያ በኦርቪል ፊት ገፍቷት አለፈ። ኦርቪል ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ይዟል፤ ለማን እንዳወለቀው ግን የሚያውቅ አይመስልም።

ከአዳራሹ ወደ መኪና ማቆሚያው የሚወስደው ቁልቁለት አናት ላይ ሲደርሱ፣ ዳኒካ እንደ ልማዷ ጎማዎቹን ጨምድዳ ያዘች። ዋረን ቆመ። አላስቸኮላትም፤ እጀታውን አጥብቆ እንደያዘ ብርዱ ውስጥ ጠበቃት።

ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ እጇን አንስታ ጭኗ ላይ አሳረፈች። ሌላውን ጎማ አልለቀቀችም።