ትድናለህ እንበል

ያልተረጋገጠ ነገር የተነገረበት ቤት መብራቱ ይጠፋል። ሕጉ ከወጣ ወዲህ ውሸታም ጠፍቷል፤ ደግ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው።

ባለቤቴ ይርዳው ነገ የልብ ቀዶ ሕክምና ይደረግለታል። አመሻሽ ላይ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ፣ «ጠያቂው ሁሉ እግዜር ይማርህ ብሎኝ ይሄዳል። አንድ ሰው እንኳ ትድናለህ አይለኝም?» አለ።

ምኞት አያስጠይቅም፤ «ይሆናል» ማለት ግን ማረጋገጫ ይፈልጋል። አላስቻለኝም።

«ትድናለህ!» አልኩት።

መብራቱ ድርግም ብሎ ጠፋ።

«እማዬ፣ በናትሽ!» አለች ልጃችን ኤልዳና። አሥረኛ ክፍል ናት፤ የጂኦሜትሪ የቤት ሥራዋን እየሠራች ነበር።

«እሺ፣ መዳኑን አላውቅም» ብዬ ቃሌን ሳነሳ መብራቱ መጣ። ይርዳው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ኤልዳና እርሳሷን አስቀምጣ አጠገቡ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ እኛ አንድን ነገር ስናረጋግጥ አንዳንዴ መጀመሪያ ‹እንበል› ብለን ነው የምንነሳው። እነዚህ መስመሮች አይገናኙም እንበል፣ እንላለን። ለ‹እንበል› ማረጋገጫ የሚጠይቅ የለም።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ትድናለህ እንበል።»

ሦስታችንም አምፖሉን አየን። አልጠፋም።

ይርዳው ዞረ። «ከዳንኩስ?»

«ከዳንክ የፋሲካውን በግ አንተ ትመርጣለህ። እማዬ ስትገዛ አጥንት ብቻ ነው የምታመጣው።»

ለዚህም መብራቱ አልጠፋም። ይርዳው ሳቀ።

«እስከ መቼ ነው እንበል የምንለው?» አላት።

«ከማይሆን ነገር ጋር እስክንጋጭ ድረስ።»

እጇን ያዘ። «እስካሁን አልተጋጨንም» አለ።

ያን ማታ መብራቱን ሳናጠፋ ተኛን።